ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎችን ማላመድ፦ ማባረሩ ጠብ የሚሆነው መቼ ነው?

የበርኗ እናት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምንኖረው በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ ሲሆን፣ ልጄ የምትንከባከባቸው ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች (የአይጥ ወገን የሆኑ፣ ጅራት የሌላቸው ትናንሽ የቤት እንስሳት) ነበሩን። አንዷ በቅርቡ በእርጅና ሞተችና ዳማ የምንላት፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት፣ ብቻዋን ቀረች። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ለብቻዋ ማኖርን አይፈቅድም። ደንቡ ባይኖርም እንኳ ዳማ ከጓደኛዋ ሞት በኋላ ጥግ ይዛ መዋል በማብዛቷ፣ ምግቧንም በመቀነሷ፣ ዝም ብለን ልናያት አልቻልንም። ስለዚህ አምስት ወር ገደማ የሆናትን ቡላን ከእንስሳት መጠለያ አመጣንላት። ቡላ ሐኪም እስኪያያት በሌላ ክፍል ተለይታ ቆይታለች፤ ሐኪሙም ሴት መሆኗንና ከቆዳና ከመተንፈሻ በሽታ ነፃ መሆኗን አረጋግጦልናል።

ያገናኘናቸው ሳሎን ወለል ላይ ነበር። ሰፊ ቦታ በአጥር ከልለን፣ ሁለቱም የማያውቁትን አንሶላ አንጥፈን፣ ድርቆሽና የሰላጣ ቅጠል በየቦታው በተንን። ተሸታተቱ፤ ዳማ ዳሌዋን እያወዛወዘች፣ በወፍራም ድምፅ እያጉረመረመች ዞረቻት፤ አልፎ አልፎም አባረረቻት። ከዚያ በኋላ ግን ጎን ለጎን ቆመው ይበሉ ጀመር። ችግሩ የመጣው ማታ ወደ ዳማ ኬጅ ባስገባናቸው ጊዜ ነው። ኬጁ 120 በ60 ሴንቲሜትር ሲሆን በውስጡ ባለ አንድ በር የእንጨት ቤት፣ አንድ የውሃ ጡጦ፣ አንድ ሳህንና አንድ የድርቆሽ ማስቀመጫ አለ። ዳማ ቡላን ከእንጨቱ ቤት ተከትላ ታስወጣታለች፤ ከሳህኑ ታባርራታለች፤ ጀርባዋ ላይ ትወጣለች፤ ጥርሷን ታፋጫለች። ቡላ ስትሸሽ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ጩኸት ታሰማለች፤ ጥግ ስትያዝ ደግሞ ሽንቷን ወደ ኋላ ትረጫለች። ደም አላየሁም፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት የተነጨ ፀጉር ወለሉ ላይ አገኛለሁ።

ልጄ ቡላ በጮኸች ቁጥር ታለቅሳለች፤ ባለቤቴም ቢያንስ ሌሊት ሌሊት እንለያቸው ይላል። እኔ ግን በየማታው መለየትና በየጠዋቱ ማገናኘት ነገሩን እንዳያባብሰው እሰጋለሁ። ልምድ ያላችሁን የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው፦ የማየው ማን የበላይ እንደሆነች የሚወስኑበት ሂደት ነው ወይስ ጠብ? ሌሊት መለየት ያስፈልጋል ወይ? ደግሞስ ይህ ጥንድ አይሆንም ተብሎ የሚወሰነው በምን ምልክት ነው?

ከሃኖቨር (መልስ)

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጀርመን አገር ነው የምኖረው፤ ጊኒ ፒጎችን በቡድን ማኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ያዩት ነገር ማን የበላይ እንደሆነች የሚወስኑበት ሂደት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እያከረረው ያለውም የሁለቱ ጠባይ ሳይሆን ኬጁ ነው።

ጊኒ ፒግ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣች፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በሰው እጅ የለመደች የመንጋ እንስሳ ናት። በመንጋ የሚኖር እንስሳ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን የትኛው ቦታ ላይ እንደሚተኛ ሳይታወቅ ዕረፍት አያገኝም። አገር ቤት ከገበያ የመጣች ዶሮ ቤት እስክትለምድ እግሯ ታስሮ ትቆይና ስትፈታ፣ ነባሮቹ እየነቆሩ ቦታዋን እንደሚያሳውቋት ያስታውሱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማንም ተነስቶ ሊገላግል አይሞክርም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሁሉም አብረው ሲጭሩ ይታያሉ። ዳማ እያደረገች ያለችውም ይህንኑ ነው። እያጉረመረመች መዞሯ፣ ማባረሯ፣ ጀርባ ላይ መውጣቷ፣ አፍንጫዋን ከቡላ አፍንጫ በላይ ከፍ ማድረጓ፣ ፀጉር መንጨቷም ጭምር፣ «እዚህ ቤት የበላይዋ እኔ ነኝ» ማለቷ ነው። የቡላ ጩኸትም ብዙውን ጊዜ የሕመም ሳይሆን «ተቀብያለሁ፣ ተይኝ» የማለት ድምፅ ነው፤ ወጣት ጊኒ ፒጎች ሳይነኩም ይጮኻሉ። የምትረጨው ሽንትም ሴቶች የማይፈልጉትን ለማራቅ የሚጠቀሙበት የተለመደ መንገድ ነው።

ሊያሳስብዎ የሚገባው መልክ ሌላ ነው። ሁለቱም ፊት ለፊት ተፋጠው፣ የአንገታቸውንና የጀርባቸውን ፀጉር አቁመው፣ ጥርሳቸውን ያለማቋረጥ እያፋጩ፣ አንዳቸውም ሳይሸሹ ቀስ ብለው ከተዟዟሩ፣ የሚቀጥለው ዝላይና ንክሻ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን በአንድ ነገር መያዝ ይቻላል፦ አንዷ የምትሸሽ፣ ሌላዋም ጥቂት አባርራ የምትተው ከሆነ ነገሩ በመልካም መንገድ ላይ ነው፤ ሁለቱም አልሸሽም ካሉ ግን ይጠንቀቁ። በዚያ ጊዜ ወፍራም ፎጣ ወይም ካርቶን በመካከላቸው ያስገቡ እንጂ ባዶ እጅዎን አያስገቡ፤ በጠብ መካከል ያለች ጊኒ ፒግ የማንን ሥጋ እንደምትነክስ አታይም፣ ጥርሷም በጥልቀት ሊያቆስል ይችላል።

አሁን ወደ ኬጁ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነውና። ሳሎን ላይ በሰላም በልተው ኬጅ ውስጥ የተጣሉት፣ ሳሎኑ የማንም ስላልነበረ፣ ኬጁ ግን በዳማ ሽታ የተሞላ የዳማ ቤት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እንደገና ወደ ሳሎኑ ያውጧቸውና ኬጁን ባዶ ያድርጉት። ያለውን ሰጋቱራና ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ያንሱ፤ ወለሉንና ግድግዳውን ውሃ በተቀላቀለበት ነጭ ኮምጣጤ አጥበው ያድርቁ። ያን የእንጨት ቤት ደግሞ ለጊዜው ከዚያ ያርቁት። ባለ አንድ በር ቤት ለተባረረች ጊኒ ፒግ ወጥመድ ነው፤ ገብታ ስትደበቅ የበላይዋ በሩን ዘግታ ትቆማለች፤ ሸሽታ መሄጃ ያጣችው ደግሞ መንከስ ትጀምራለች። በምትኩ ሁለት ካርቶኖችን ወስደው በግራና በቀኝ በር ይቅደዱላቸው፤ ወይም በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆኑ መሿለኪያዎችን ያስገቡ። የሁሉም ነገር ቁጥር ከእንስሶቹ ቁጥር ማነስ የለበትም፦ ሁለት መደበቂያ፣ ሁለት የውሃ ጡጦ በሁለት ተቃራኒ ጎን፣ ሁለት የድርቆሽ ክምር። ሳህኑን እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨርሶ አስቀረዋለሁ፤ ምግቡ ወለሉ ላይ ተበትኖ ሲቀርብ ዳማ ልትጠብቀው የምትችለው አንድ ቦታ አይኖራትም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ የእርስዎ ኬጅ 0.72 ካሬ ሜትር ነው። ለተላመዱ ሁለት ሴቶች ዝቅተኛው ልክ አካባቢ ነው፤ ገና ለሚተዋወቁ ግን ይጠብባል። በሩን ከፍተው ከፊት ለፊቱ በአጥር የተከለለ ወለል ቢጨምሩላቸውና አጠቃላዩ ከአንድ ካሬ ሜትር ተኩል በላይ ቢሆን፣ የምትባረረዋም የምታባርረዋም በቂ ርቀት ያገኛሉ። ፎቅ መጨመር ይህን አይተካም፤ ጊኒ ፒግ የምትሸሸው ወደ ፊት ሮጣ እንጂ ተንጠልጥላ አይደለም።

ሌሊት መለየትን በተመለከተ ስጋትዎ ትክክል ነው። ደም እስካልፈሰሰ ድረስ አይለዩዋቸው። የተጀመረው ነገር ሳያልቅ በተለያዩ ቁጥር፣ በማግሥቱ ሲገናኙ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ በዚህ መንገድ በጥቂት ቀናት ያልቅ የነበረው ለሳምንታት ይጎተታል። ቅዳሜ ጠዋት ቢጀምሩና ቀኑን ሙሉ ገለልተኛው ቦታ ላይ ቢያቆዩዋቸው፣ ሁለቱም እግራቸውን ዘርግተው ሲተኙ ካዩ በኋላ ወደ ታጠበው ኬጅ አንድ ላይ ቢያስገቧቸው ጥሩ ነው። ሲገቡም ማጉረምረሙና ማባረሩ ለአጭር ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ይህ አያስደንግጥዎ።

ነገሩ ሰንብቶም ካልበረደ፣ እዚህ ጀርመንም ሆነ እናንተ ዘንድ ብዙዎች የሚመርጡት አንድ የተኮላሸ ወንድ መጨመርን ነው። ወንዱ በሴቶች መካከል የሚነሳውን ግጭት ያበርዳል። ከተኮላሸ በኋላ ግን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይገባል፤ እስከዚያ ድረስ ማስረገዝ ይችላልና።

የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ከሜሪላንድ (መልስ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ከሃኖቨር የጻፉት ወንድማችን ስለ ቦታው ያሉትን ሁሉ እጋራለሁ። እኔ የምጨምረው ከጤና አንፃር ነው፤ ክሊኒካችን ውስጥ «ተጣሉብን» ተብለው ከሚመጡት ሴቶች መካከል መሠረቱ ሕመም የሆነባቸው ጥቂቶች አይደሉምና።

መጀመሪያ ስለ ዳማ። ሴት ጊኒ ፒግ በየ16 ቀኑ ገደማ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ አላት፤ ከአንድ ቀን ያልበለጠ ነው። በዚያ ቀን በሌላዋ ጀርባ ላይ መውጣት፣ ማጉረምረምና መቅበጥበጥ ይበዛል፤ በማግሥቱም ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ ጊዜ ጋር ገጥመው ከሆነ ያያችሁት ከእውነተኛ ጠባይዋ የከረረ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን መዝግቡት። በሌላ በኩል ዳማ ባለችበት ዕድሜ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ መብቀሉ በሴት ጊኒ ፒጎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ምልክቱ በሁለቱም ጎን በእኩል የሚሳሳ ፀጉር፣ የደረቀና ቅርፊት የያዘ የጡት ጫፍ፣ የተነፋ ሆድ፣ አንዳንድ ጊዜም ከልክ ያለፈ ቁጡነትና ያለማቋረጥ ጀርባ ላይ መውጣት ነው። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ሕክምናም አለው። የታመመች ጊኒ ፒግ እያመማት ከሌላ ጋር እንድትስማማ መጠበቅ ደግሞ በእንስሳዋ ላይ መፍረድ ነው።

ስለ ቡላ ደግሞ መጠለያው እንዴት እንዳገኛት ጠይቁ። ሴት ጊኒ ፒግ በአንድ ወር ዕድሜዋ ልታረግዝ ትችላለች፤ ወንዱም በሦስት ሳምንቱ ማስረገዝ ይጀምራል። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ስለሚወስድ፣ ከወንድ ጋር ተቀላቅላ የነበረች እንደሆነ ከመጣች ከብዙ ሳምንታት በኋላ ልትወልድ ትችላለች። እርጉዝ ከሆነች መባረርና መጨናነቅ ይጎዳታል፤ በተለይ የመጀመሪያ ወሊዷ ከሰባት ወር ዕድሜ በኋላ የሚሆን ከሆነ የዳሌዋ አጥንት መገጣጠሚያ ስለሚጠነክር ወሊዱ ለሕይወቷ አስጊ ነው። ጾታን በተመለከተ የእናንተ ሐኪም አይቷል፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ግን የሻጩን ቃል ብቻ ይዘው አያገናኙ፤ «ሁለት ሴቶች» ተብለው ተሸጠው ከሁለት ወር በኋላ አራት ሆነው የመጡ ብዙ አይተናል።

የማላመዱ ነገር መልካም መሆኑን ከሁሉ በላይ የሚነግራችሁ ሚዛን ነው። ግራም የሚያሳይ የማዕድ ቤት ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡና ሁለቱንም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑ። ቡላ ገና በማደግ ላይ ያለች ናትና ክብደቷ መጨመር አለበት፤ ባለበት መቆሙ እንኳ ምግብ እየተከለከለች መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ያደገችው ዳማ 50 ግራም ብትቀንስ በቅርብ ተከታተሏት፤ ወደ 100 ግራም ከተጠጋ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ከእነርሱ አንዷ ለግማሽ ቀን ምንም ካልበላች፣ ወይም በጠጧ ካነሰና ከቀጨጨ፣ እስኪነጋ የማይጠበቅ ድንገተኛ ጉዳይ ነው፤ የጊኒ ፒግ አንጀት ያለማቋረጥ ድርቆሽ ካልገባበት ይቆማልና።

ይህ ወቅት ለሁለቱም የጭንቀት ወቅት ስለሆነ ቫይታሚን ሲ አይጓደልባቸው። እንደ እኛው እንደ ሰዎች ሰውነታቸው ራሱ አያመርተውም፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልጋቸዋል። ውሃ ውስጥ መጨመሩ ቶሎ ስለሚበላሽና የውሃውን ጣዕም ስለሚለውጥ አይመከርም፤ የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ በየቀኑ ቁራጭ ቁራጭ እየተደረገ በተለያየ ቦታ ቢቀመጥላቸው ግን ቫይታሚኑንም ያገኛሉ፣ እየተዘዋወሩ መፈለጉም ትኩረታቸውን ከጠቡ ያርቃል።

የበርኗ እናት (ተጨማሪ ጥያቄ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኬጁን በተባለው መሠረት አጥበን፣ የእንጨቱን ቤት አውጥተን፣ ሁለት በር ያላቸውን ካርቶኖች አስገብተናል፤ ከፊቱም ያለውን ወለል ከልለን ጨመርንላቸው። ለውጡ በግልጽ ይታያል፦ ዳማ አሁንም ታባርራታለች፤ ነገር ግን ቡላ በአንዱ በር ገብታ በሌላው ስትወጣ ዳማ ትቆማለች፣ ዞራም ወደ ድርቆሿ ትሄዳለች። መጠለያውንም ጠየቅሁ፤ ቡላ እዚያው ከእናቷ ጋር የተወለደች ስትሆን ወንድሞቿ በሦስት ሳምንታቸው ተለይተዋል።

ዛሬ ግን የቡላ ጆሮ ጠርዝ ላይ ትንሽ የተቀደደ ነገር አየሁ፤ የደረቀ ደምም አለበት። ይህ «ደም ከፈሰሰ ለዩ» የተባለው ነው? ቤት ውስጥ ባለ መድኃኒትስ ላክመው እችላለሁ? ደግሞም አንዲት የምታውቀኝ ሴት በመካከላቸው ፍርግርግ አድርጋችሁ ለተወሰነ ጊዜ እየተያዩ ይቆዩ ትላለች።

የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ከሜሪላንድ (መልስ)

እህቴ፣ ስለ መድኃኒቱ አስቀድሜ ልናገር፤ የሚያጣድፈው እርሱ ነውና። ለሰው የተሰጠ አንቲባዮቲክ በምንም ዓይነት አትስጧት። በብዙ ቤቶች የሚገኘው አሞክሳሲሊንና ሌሎችም የፔኒሲሊን ወገን የሆኑት፣ በአፍ ሲሰጧት አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድለው በቀናት ውስጥ ሕይወቷን ያጠፋሉ። እዚህ በአገራችን ሰዎች ቤት በደግነት ተሰጥተው የሞቱ አጋጥመውናል። ሰው ቁስል ላይ የሚቀባውንም ቅባት ቢሆን ስለምትልሰው ሐኪም ሳትጠይቁ አትቀቡ።

የጆሮው ጠርዝ ትንሽ መቀደድ በሚያባርሩበት ጊዜ የሚደርስ ነው፤ ለብቻው ሁለቱን ለመለየት ምክንያት አይሆንም። ጨው ተጨምሮበት ከፈላ በኋላ ቀዝቅዞ ለብ ባለ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉትና በየቀኑ እዩት። የሚያለያየው ደም ሥጋ የተበሳበት ንክሻ ነው፤ በተለይ ዳሌ፣ አንገት፣ ከንፈርና የብልት አካባቢ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ከላይ ትንሽ መስሎ ውስጡ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ስለዚህ በፀጉሩ ሥር በጣታችሁ ዳስሱ፤ ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ስትነኩት የሚያስጮኻት ቦታ ካለ ሐኪም ይየው።

ከጎተንበርግ (መልስ)

እኔ የምኖረው በስዊድን ነው፤ በተለይ ስለ ፍርግርጉ ልናገር ፈለግሁ፣ በጉዳዩ ላይ ከሌሎች ሰዎች የተለየ ልምድ ስላለኝ። ሁለት ያደጉ፣ ሁለቱም የበላይ መሆን የለመዱ ሴቶች ነበሩኝ። ቦታው ሰፊ ነበር፤ የሚጎድላቸውም ነገር አልነበረም፤ ሆኖም አንዳቸውም ለሌላዋ አልሸሹም፤ በመጨረሻም አንደኛዋ ዳሌዋ ላይ ክፉኛ ተነከሰች። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አላገናኘኋቸውም። ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው የማያሾልክ ፍርግርግ ባለበት ቦታ አኖርኳቸው፤ እየተያዩና የአንዷን ድምፅ ሌላዋ እየሰማች፣ ድርቆሻቸውንም በፍርግርጉ ግራና ቀኝ እየበሉ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ኖረዋል። እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም፤ ሁለቱም ብቻቸውን አልነበሩም።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ይመስለኛል። ያደገችና ወጣት ሲጣመሩ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቷ ቦታዋን ተቀብላ ነገሩ ይረጋጋል፤ ቡላም እየተቀበለች ነው። ፍርግርጉ ተስፋ ለቆረጠ ጥንድ እንጂ በመሻሻል ላይ ላለ ጥንድ አይመስለኝም። ወንድ ስለመጨመሩም ቢሆን አልቸኩልም፤ ሦስተኛ እንስሳ ማለት ተጨማሪ ቦታ፣ ተጨማሪ የሐኪም ወጪና ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሚዘልቅ ኃላፊነት ነው። እናንተ ዘንድ ደግሞ ከሁለቱ አንዷ ስትሞት ለቀሪዋ ጓደኛ በኪራይ የሚሰጡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ወደፊት ማለቂያ የሌለው ጊኒ ፒግ መግዛት ለሚያሳስበው ቤተሰብ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ከሃኖቨር (መልስ)

በፍርግርጉ ላይ ከጎተንበርጓ እህታችን ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እንዲያውም አጥብቄ እናገራለሁ። እንደ ማላመጃ ሲያገለግል ጥሩ ውጤት አላየሁበትም። ሁለቱ ይሸታተታሉ፣ ይናደዳሉ፣ ነገር ግን አንዷ ልትሸሽ ሌላዋም ልታባርር ስለማትችል ጉዳዩ አያልቅም፤ ፍርግርጉ በተነሳ ቀን የተጠራቀመው ሁሉ ይወጣል። በወንዱ ላይ ግን አስተያየቴን አልለውጥም፤ ለእነዚህ ሁለት አሁን አያስፈልጋቸውም ማለታቸው ትክክል ቢሆንም፣ ቦታ ላለው ሰው በተፈጥሯቸው የሚኖሩበት አደረጃጀት ወንድ ከሴቶቹ ጋር ያለበት ነው።

የበርኗ እህታችን አሁን ማድረግ ያለብዎ ያስተካከሉትን ሳይቀይሩ መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ በየቀኑ አንድ ነገር ያክላል፣ ያነሳል፣ ያዛውራል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ግን አዲስ ክርክር ያስነሳል። ኬጁንም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የረጠበውን እያነሱ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠቡት፤ የሁለቱ ሽታ እንዲቀላቀል ይተዉት። መልካሙን ምልክት የሚያዩት ሲተቃቀፉ አይደለም፤ ጊኒ ፒጎች ተዋደውም ብዙ ጊዜ ተራርቀው ነው የሚተኙት። በአንድ የድርቆሽ ክምር ላይ አብረው ሲበሉ፣ አንዷ ስትንቀሳቀስ ሌላዋ ስትከተል፣ አንዷ ባለችበት ሌላዋ ጎኗን ዘርግታ ስትተኛ፣ ወይም ቡላ ድንገት በደስታ ወደ ላይ ስትፈናጠር ካዩ ተላምደዋል ማለት ነው።

የበርኗ እናት

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ልጄ ቡላ ስትባረር እያየች አላስችል ስለሚላት አንስታ ታቅፋታለች። ልከልክላት ወይ?

የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ከሜሪላንድ (መልስ)

ከመከልከል ይልቅ ጊዜውን ቀይሩላት። ቡላ በተባረረች ቁጥር ከተነሳች ቦታዋን የምትማርበት ዕድል ይቋረጣል፤ ስትመለስም የሰው ሽታ ይዛ ስለምትገባ ዳማ እንደገና ትመረምራታለች። ልጅዎ ማቀፍ ስትፈልግ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ነገሩ ሰላም በሆነበት ሰዓት፣ ወለል ላይ ተቀምጣ በአንድ ሰፊ ፎጣ ላይ ትያዛቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም በእጇ የድንብላል ቅጠል ትስጣቸው። ሲመለሱም አብረው ይመለሱ። ሚዛኑንም ለእርሷ ስጧት፤ የሁለቱን ክብደት በየቀኑ ደብተር ላይ ብትጽፍ ቡላ እየበላች መሆኗን ራሷ ታያለች፤ ቁጥሩ ሲወርድም ከሁላችሁም ቀድማ የምታውቀው እርሷ ትሆናለች።